ከመቶ ዓመት በኋላ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ተማሪ የያዘችውን ልብ ወለድ አጠገቧ ለተቀመጡ ሽማግሌ ገበሬ ስትተርክ ሰማሁ።

«ታሪኩ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፣ አባባ። አምስት አምስቱን ቤት አንድ ሰው ይጠብቀዋል፤ በየቤቱ የተወራውን ለአለቆች ያደርሳል።»

«ከመቶ ዓመት በኋላ?»

«አዎ፣ ፈጠራ ነው።»

«የምን ፈጠራ። እኛን አንድ ለአምስት አደራጅተውን የለም እንዴ።»

«እዚህ ግን ባለታሪኳ ልጅ ላይ ያሳበቀችባት የልብ ጓደኛዋ ናት።»

«እኔ ላይስ ማን ሆነና። ማዳበሪያ በግድ አልወስድም ያልሁትን ለቀበሌ የነገረው የአምስታችን አለቃ፣ ጠርናፊ የሚሉት ነው። ጽዋ አብሮኝ የሚጠጣ የማኅበር ወንድሜ።»

«ልጅቱ በመጨረሻ አጥር ዘላ ታመልጣለች።»

«እሷ መሬት የላትማ። እኔ ማሳዬን ተሸክሜ የት እዘላለሁ።»

«ታዲያ ሰውየውን ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ። ዛሬ የማኅበሩ ተረኛ እሱ ነው፤ እቤቱ ጽዋ ልጠጣ እየሄድሁ ነው።»

«ይህን አድርጎብዎት ይሄዳሉ?»

«ብቀር፣ ለምን ቀረ ብሎ ይናገርብኛል።»

ማንኩሳ ላይ ወራጅ ነበርሁ፤ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን፣ ሽማግሌው «ሰምቶ ሊናገርብኝ ወረደ» እንዳይሉ ፈርቼ ሳልወርድ አለፍሁ።