ሳይነሳ የሚቆጠር ጥሪ

ልብስ ሰፊው ገና ቁልፍ ተካይ ሳሉ የሰሟት አንዲት ክርክር አለች። አሠሪያቸው የስፌት መኪናውን አያስነኳቸውም ነበርና ጥግ ተቀምጠው ቁልፍ ሲተክሉ፣ ሁለት ደንበኞች ካፖርታቸው እስኪተኮስ አግዳሚው ላይ ሆነው ስለ ስልክ ይነታረኩ ነበር። አንደኛው ቤቱ ስልክ ሊያስገባ አስቦ ይሁን ወይም ጎረቤቱ አስገብቶበት፣ ይህን ረስተውታል። ያልረሱት ቃሉን ነው፤ «ስልክ እኮ ለደግ አይጮህም፤ ደህና የሆነ ሰው ምን ብሎ ይደውላል?» ሁለተኛው ሰውዬ የመለሰው ነገር ነበረ። ረዘም ያለና የተረጋጋ መልስ እንደነበር ትዝ ይላቸዋል። ነገር ግን አሠሪያቸው በዚያው ቅጽበት «ካውያው!» ብለው ስለጮሁ ፍሬ ነገሩ አመለጣቸው። እንዲህ ሆኖ የክርክሩን ግማሽ ብቻ ይዘው አረጁ። ስንቶቻችን ነን ግማሽ ወሬ ይዘን ዕድሜያችንን የምንገፋ!

ዛሬ ልብስ ሰፊው ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሱቃቸው ከአንድ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ የቆመ መስታወት፣ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ፣ ሁለት የስፌት መኪና አለ። ሁለተኛው መኪና ከተሸፈነ ዓመት አልፎታል፤ የቀኝ ዓይናቸው ከጨለመ ወዲህ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋት ትተዋል። የግራውም ቢሆን ፊት ለፊት ያለውን አደብዝዞ ያያል እንጂ ከጎን የሚመጣውን አያይም። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል፤ «የዓይን ግፊት ነው፣ አባቴ። የጠፋው አይመለስም። የቀረው እንዳይጠፋ ግን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ተራዎ ሲደርስ እኛ እንደውላለን፤ በየጊዜው እየመጡ አይንገላቱ።» ልብስ ሰፊው የታዘዙትን የሚያከብሩ ሰው ናቸውና አልተመላለሱም። አሥራ አንድ ወር ጠበቁ። በየጠዋቱ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የሚፈጅባቸው ጊዜ እየረዘመ ሄደ። እነሱም ረሱኝ፣ ፈጣሪም ረሳኝ ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

በዚህ መካከል አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ ስልክ የምትጠግነው ወጣት የሥራ ካፖርቷን ይዛ ገባች። ኪሱን መፍቻዎቿ በልተውት ኖሯል። ኮሌጅ የተማረች፣ እጇ የተባረከ ልጅ ናት፤ የሰፈሩ ሰው «ዶክተሯ» ይላታል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ነሽ እንዴ? በድምፅሽ አወቅኩሽ።»

«ፊት ለፊትዎ ቆሜ በድምፄ?»

«ብርሃኑን ከልለሽው ነዋ» አሉ ልብስ ሰፊው፤ እሷ ግን ብርሃኑን አልከለለችም ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። «ዶክተር፣ አደራሽን መጋረጃውን እንዳትነኪ! ሱሪዬ ቀዶ ጥገና ላይ ነው።»

ከመኪናው ሲወርድ ሱሪው የተተረተረበት የታክሲ ሹፌር ነው። ልጅቷ ሳቀች። ልብስ ሰፊውም ፈገግ ብለው ሱሪውን ወደ መስፊያው ሲያስጠጉ፣ ጠመኔው አጠገብ የተቀመጠችው ባለ ቁልፍ ስልካቸው ጮኸች።

እጃቸውን አንስተው ልጅቷንና ሹፌሩን ዝም አሰኙ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። ፊታቸው ላይ ደስታ ፈሰሰ።

«ልጄ ናት። እሁድን ሳትጠብቅ ደህና ነኝ አለችኝ።»

«መቼ አነሱትና?»

«ለምን አነሳዋለሁ? አንዴ ከጠራ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ከደገመች ልጆቹም ደህና ናቸው ማለት ነው። እኔም እሁድ እሁድ አንዴ አስጠራና እዘጋለሁ፤ ደህና ነኝ ማለቴ ነው። ራቅ ካለ ከተማ ካገባች ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ተግባብተናል።»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ይኸውልሽ! ልጆቹም ደህና ናቸው። ዛሬስ ረዘም አደረገችው፤ ስትናፍቅ ታስረዝመዋለች።»

ልጅቷ የሙያ ነገር ሆኖባት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ልጅዎ ቢሮ ነው እንዴ የምትሠራው? ይሄ የመደበኛ ስልክ ቁጥር ነው።»

«ኧረ እሷ ከሞባይሏ ነው የምትደውለው…»

ስልኩ ዝም አለ። ልጅቷ ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ ያልተነሱትን ጥሪዎች አንድ በአንድ ገለጠች። የእሁዶቹ ሁሉ የልጃቸው ናቸው። ይህ ቁጥር ግን ከሦስት ወር በፊት ሁለት ጊዜ፣ ከአምስት ሳምንት በፊት ሁለት ጊዜ፣ ዛሬም ሁለት ጊዜ ደውሏል። ልብስ ሰፊው ከደረት ኪሳቸው የሐኪም ቤቱን ካርድ አውጥተው ሰጧት። ቁጥሩ አንድ ነበር።

መልሳ ደወለችና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ደክሟታል እንጂ።

«አዎ፣ አሁን ነው የደወልነው። በየዙሩ ሁለት ሁለት ጊዜ እንደውላለን፤ ይሄ ሦስተኛውና የመጨረሻው ዙር ነበር። ቀጥሎ ላለችው ሴትዮ ደውለን እየመጣች ነው። የአባባ ስም ከዝርዝሩ ወጥቷል።»

«አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም እኮ፣ እህቴ!»

«ይገባኛል። እሷ ግን አነሳች። ሐሙስ ጠዋት ካርዱን ይዘው መጥተው እንደገና ይመዝገቡ።»

«እንደገና ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ስምንት ወር። ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።»

ጥሪው ተቋረጠ።

«ያን ጊዜ፣ የዛሬ አምስት ሳምንት» አሉ ልብስ ሰፊው ቀስ ብለው፣ «ምሳ ቤት ነበርኩ። ሁለቴ ጠራ። ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ልጄም የልጅ ልጆቼም ደህና ናቸው ብዬ አወራሁ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።» ከዚያ ስልኩን ገፋ አደረጉላት። «ውሰጂውና ለመለዋወጫ ይሁንሽ። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?»

«አልወስድም፣ ጋሼ። ምኑም አልተበላሸ። አለሁ፣ አለሁ እያለ ስድስት ጊዜ ጠርቶዎታል።»

«እንግዲያው የተበላሸሁት እኔ ነኛ። ይቅርታ አድርጊልኝና ልጄ፣ የኛን ጊዜ አታውቂውም። የስልክ ካርድ ውድ ነበር። ለደወለ ሰው አለማንሳት ለሱ ማሰብ ነበር፤ አንስቶ የሰው ሒሳብ ማስቆጠር ደግሞ ነውር። ፍቅር ነው ያልኩት እንጂ ስንፍና አይደለም።»

«ፍቅርነቱን አልካድኩም። ግን ያ ውድ የነበረ ነገር ረክሶ እርስዎ አላወቁም። ልማዱ ምክንያቱን ቀብሮ ለብቻው እየኖረ ነው።»

«የማላውቀው ቁጥርስ? ዕጣ ወጣልዎት የሚለው ሌባ ሁሉ በማላውቀው ቁጥር አይደል የሚደውለው?»

«ሌባ ከሆነ ይዘጉበታል። በጆሮ ገብቶ ኪስ አይዳብስም እኮ። ማን ልበል ብሎ መጠየቅ የሚያስከፍል ነገር የለውም።»

«እኔ እንኳ» አለ ሹፌሩ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሪ ይዤም ቢሆን አነሳለሁ።»

«አንተ ደግሞ አታንሳ!» አለች ልጅቷ። «ዳር ይዘህ ቁምና አንሳ። ሰው ገጭተህ ሌላው ቤት መርዶ ታስደውላለህ።»

«ሱሪ በሌለኝ ሰዓት ነው የምትቆጪኝ?»

ልጅቷ ወንበር ስባ ከሽማግሌው ፊት ለፊት፣ በሚታያቸው በኩል ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝ። አንድ ጥሪ ደህና ነኝ ነው። ሁለት ጥሪ ልጆቹም ደህና ናቸው። ልጅዎ ብትታመም በስንት ጥሪ ትነግርዎታለች?»

ልብስ ሰፊው አሥራ አራት ዓመቱን ሁሉ በረበሩት። ለታመመ ሰው የሚሆን ጥሪ ተስማምተው አያውቁም ነበር።

«እርስዎስ የዓይንዎን ነገር በስንት ጥሪ ነገሯት?»

«አልነገርኳትም» አሉ። «የቀኙ የጠፋ ሳምንት እሁድ ደረሰ። እንደ ልማዴ አንዴ አስጠራሁና ዘጋሁ።»

እንግዲህ ትልቁ ጥፋት ይህ ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይህ አባትና ይህች ልጅ አንድም ቀን ተዋሽተው አያውቁም፤ ነገር ግን መነጋገሪያቸው ከደህንነት ሌላ ቃል ስላልነበረው፣ ሁለቱም በየእሁዱ ሳያውቁት ሲዋሹ ኖረዋል። አምላክ ለሰው አንደበት የሰጠው ደስታውን ብቻ እንዲያስታውቅ አይደለም፤ «ጨለመብኝ፣ ድረሱልኝ» እንዲልበትም ጭምር ነው። ያንን ስጦታ ለቁጠባ ብሎ የቆለፈ ሰው ምን እንደሚያተርፍ እነሆ በልብስ ሰፊው ታየ።

«ፈጣሪ የረሳኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«በሱ አያላክኩት፣ ጋሼ።»

«አላላክክም። ይህ ዓይን ስምንት ወር ይቆይልኛል ትያለሽ?»

ልጅቷ የምታጽናናበትን ቃል መረጠች፣ ግን የምታከብራቸውን ሰው መዋሸት አልሆነላትም። «አላውቅም። ላይቆይም ይችላል። ጠብታውን ሳያቋርጡ፣ ሐሙስ ሄደው ዓይኔ እየባሰ ነው ብለው በአፍዎ ይንገሩ፤ የባሰበትን እንደሚያስቀድሙ ሰምቻለሁ። የኔንም ቁጥር ከርስዎ ቁጥር ሥር ያስመዝግቡ። ስልኩን በደረት ኪስዎ ያድርጉት፤ እንዲንቀጠቀጥ አደርገዋለሁ። የልጅዎን ጥሪ ከሌላው የሚለይ ዜማ እሰጠዋለሁ። የደወለ ሁሉ ይነሳለት። ያን ጊዜ ሐኪሙ ያገኝዎታል፣ ደንበኛ አይጠፋብዎትም፣ ልጅዎም አባት እንዳላት በድምፅ ታውቃለች። ያለፈው ግን አይመለስም፤ ይመለሳል ብዬ አልሸነግልዎትም።»

ልብስ ሰፊው ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ በዳበሳ ፈልገው አነሱ።

«ደውይልኝ» አሉ። «ለልጄ። ልንገራት።»

ደወለችላቸው። ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ጠራ፤ እስከ መጨረሻው ጠራ፤ ዝም አለ። ማንም አላነሳም። ሽማግሌው ስልኩን አውርደው ሳያዩ አዩት።

«አላነሳችም?» አለች ልጅቷ።

«እንዴት ታነሳለች?» አሉ። «አሁን እኮ እዚያ ላለው ሰው ሁሉ አባቴ ደህና ነው እያለች ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

«ይድገሙት።»

«እኔ ሁለት ጊዜ ብደውል ምን ማለት እንደሆነ አልተነጋገርንም።»

«ስለዚህ ግራ ይገባታል። ሲሰልስ ትሰጋለች። ትስጋ፣ ጋሼ። የሚያሰጋ ነገር አለ።»

ሹፌሩ መጋረጃውን በወገቡ ጠቅልሎ አንገቱን ብቅ አደረገ። «የኔን ሱሪ ተዉት፣ አባቴ። እስከ ማታም ቢሆን እዚሁ እቆማለሁ። ይደውሉ።»

ልብስ ሰፊው ሱሪውን ከመስፊያው ላይ አንስተው አጣጥፈው አስቀመጡት። ሕይወታቸውን ሙሉ ደንበኛ አስቁመው አያውቁም።

«እሺ» አሉ። «እስክታነሳ እደውላለሁ። አሥርም ሃያም ጊዜ ቢሆን። ስታነሳም የቀኙ ጠፍቷል፣ የግራውም እየሄደ ነው፣ ሐሙስ መጥተሽ ይዘሽኝ ሂጂ እላታለሁ።»