ሐምራዊዋ ጠብታ

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን ስለ አንዲት የውጭ አገር ሴት ነገረን። ድሮ ከዕጢዋ ላይ ቁራጭ ወሰዱ፤ እሷ ሞተች፤ ህዋሷ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ እየተባዛ እስከ ዛሬ ይኖራል አለ። እናቴም ታማ ሳለች ጂንካ ሆስፒታል ከአንገቷ ዕጢ ላይ እንዲሁ ቆርጠው ወስደው ነበር። ቤት ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። በማግስቱ የእናቴን ከል ልናወልቅ ተሰናድተን ነበር። "ያልሞተ ነገር እያላት ከል አይወልቅም" አለችና ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች።

አክስቴ መምህሩ ያለውን ነግራው የእናቴን ቁራጭ ስትጠይቀው የላቦራቶሪው ሰውዬ "የዚያችኛዋ ሌላ ነው፣ እማማ። ይኼ በመድኃኒት ሞቶ የደረቀ ነው" ብሎ ቀጭን መስታወት አመጣ። ላዩ ላይ ሐምራዊ ጠብታ አለ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ጠብታዋን በቋንቋችን በአሪኛ "እንዴት ዋልሽ?" አለቻት። ሰውዬው አልሳቀም። ወደ እኔ ዞራ "አንቺ ተምረሻል፤ እይና ንገሪኝ" አለችኝ። በማይክሮስኮፑ አየሁ። ሐምራዊ ነጠብጣቦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ትንፋሼን ስይዝ ሁሉም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞር ያሉ መሰለኝ።

"ሞታለች?" አለች አክስቴ።

"ሞታለች" አልኳት።

ጥቁር ነጠላዋን እዚያው አወለቀች። እኔ የራሴን እስካሁን አላወለቅሁም።