በመቁጠሪያ የተቆጠረ ትንፋሽ

«ልጅዎ በሳምንት ስንት ሌሊት ያንኮራፋል?» ብላ ስትጠይቀኝ «እኔ እንጃ» አልኳት።

ጠያቂዋ ሚካል ትባላለች። ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ላፍቶ ያለውን የግቢያችንን በር ስታንኳኳ የመብራት ቆጣሪ የምታነብ መስላኝ ከፈትኩላት። አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላ፣ በእጇ ታብሌት ይዛ ነበር። በልጆች ጤና፣ በእንቅልፋቸውና በአተነፋፈሳቸው ላይ ጥናት ከሚያደርግ ቡድን መምጣቷን ነገረችኝ። ቤታችሁ በዕጣ ወጥቷል አለችኝ። እኔ ዕጣ ሲባል የማውቀው የኮንዶሚኒየሙን ነው፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ልደንግጥ ግራ ገባኝ።

«ልጄ ታሟል ያላችሁ ሰው አለ?» አልኳት።

«የለም እህቴ። እኛ የታመመውንም ያልታመመውንም ነው የምንጠይቀው።»

ያልታመመ ልጅ ለምን እንደሚጠየቅ አልገባኝም። የፈቃድ ወረቀቱን ግን በማታው የጎልማሶች ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩትና ፈረምኩ። ያን ጥያቄ ያመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጄ ሚሳኤል ስድስት ዓመቱ ነው። ጡት ከጣለ ጀምሮ የሚተኛው ከአያቱ ከእማማ ተናኘ ጋር ነው። እማማ የባለቤቴ የከበበው እናት ናቸው፤ በእነሱ ቤት የመጀመሪያ ልጅ የአያት ነው። ከበበው ሐዋሳ ግንባታ ላይ ስለሚሠራ በቤቱ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። እኔ የማውቀው ቀን የማየውን ብቻ ነበር። መምህርቱ «ክፍል ውስጥ ይተኛል» እያለች በደብተሩ ላይ ትጽፍልኛለች። ጠዋት ፍራሹ እርጥብ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እየተማርኩ እሱ መተኛቱ ስለሚያናድደኝ ሰነፍ እያልኩ እቆጣው ነበር።

እማማ ድምፃችንን ሰምተው ወጡ።

«ምንድን ነው የምትጠይቅሽ?»

«ስለ ማንኮራፋት ነው እማማ።»

«ወረዳው ማንኮራፋትም መቁጠር ጀመረ? እንግዲያው ጎረቤታችንን ሞልቱን ጠይቂው፤ እሱ ሲተኛ የኛ ቆርቆሮ ይንጫጫል።»

ሚካል ሳቀች። «አቶ ሞልቱ ዕድሜያቸው አልፏል እማማ፤ የምንጠይቀው ስለ ልጆች ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እኔን ጠይቂኝ። ልጄ በየሌሊቱ ያንኮራፋል። አያቱም እንዲሁ ነበሩ። የጥጋብ እንቅልፍ ነው። እንጥሉ እየወረደ አንዳንዴ ያንቀዋል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። ለእሱም መላ አበጅቻለሁ፤ ቅዳሜ እንጥል ቆራጩ አስረስ መጥቶ ይቆርጥለታል።»

የቅዳሜውን ነገር እኔም አውቅ ነበር። ፈርቼ ለከበበው ስልክ ደውዬለት «እናቴ ካለች አታስቢ» ብሎኝ ነበር። ሳስብ ግን ከረምኩ።

ሚካል ታብሌቷን አጠፋችና «እማማ፣ ልቀመጥ?» አለች።

«ተቀመጪ ልጄ፤ በር ላይ የሚቆም ዕዳ ጠያቂ ነው።»

«አቶ አስረስ በምን ነው የሚቆርጡት?»

«በፈረስ ጭራ ነው፤ ልጁ አልቅሶ ሳያበቃ ያልቃል። እኔ ሰባት ወልጃለሁ። ሰባቱም የተቆረጡ ናቸው። አንዱ የዚህች ባል ነው፤ ዛሬ ብረት ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። አንቺ ስንት ወልደሻል?»

«ገና አልወለድኩም።»

«እህ።»

እዚህ ላይ እማማ የረቱ መሰለኝ። የተማረችው ልጅ ወረቀት አላት፤ እሳቸው ደግሞ ሰባት ልጅ አላቸው። ማንን ልመን?

«እግዚአብሔር ይጠብቃቸው» አለች ሚካል። «በአገራችሁ የተቆረጡት ግን ሰባቱ ብቻ ናቸው?»

«ኧረ መንደሩ በሙሉ።»

«ሁሉም እንደ አቶ ከበበው አደጉ?»

እማማ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «የጥሩዬ ልጅ ነበር፤ የአገር ቤት ጎረቤታችን ነበረች። ደሙ አልቆም ብሎ… እሱ ቀኑ ደርሶ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«እንደዚሁ እንደ ሚሳኤል።»

«ሰባት ሲሉኝ እሱን ቆጥረውታል?»

«የኔ ልጅ አይደለ፤ ለምን ብዬ እቆጥረዋለሁ?»

«እኛም በዕጣ ቤት ለቤት የምንዞረው ለዚህ ነው እማማ። ሐኪም ቤት የመጣውን ብቻ ብንጠይቅ ታሞ ቤቱ የቀረውን አናገኘውም። ደኅና የሆነውን ብቻ ብንቆጥር ደግሞ ያለፈውን እንረሳለን። ሁሉንም ስንቆጥር ነው እውነቱ የሚታየው።»

ግማሹ ገባኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። በዚህ መሃል ሚሳኤል ከሰፈሩ ልጆች ጋር ከትምህርት ቤት መጣ። ሰላም ብሎን ሳሎኑ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ፤ ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ፣ መክሰሱን ሳይነካ ወደ ጎን ጋደል ብሎ ተኛ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

«ሰማሽ?» አሉ እማማ ፈገግ ብለው። «አያቱን።»

ከዚያ ማንኮራፋቱ ቆመ።

«አሁን ደግሞ ተመቸው» አሉ።

ሚካል ዝቅ ባለ ድምፅ «እማማ፣ መቁጠሪያዎን ያውጡ» አለች። «እንዲህ ዝም ሲል ትንፋሹ እስኪመለስ አንድ አንድ ፍሬ ያሳልፉ።»

«መቁጠሪያ የጸሎት ነው ልጄ።»

«የልጅን ትንፋሽ መጠበቅ ከጸሎት ይርቃል?»

ይህን ስትላቸው ሚሳኤል ትንፋሹ በጩኸት ተመልሶ እንደገና ያንኮራፋ ነበር። እማማ መቁጠሪያውን ከአንገታቸው አውልቀው አጠገቡ ተንበረከኩ። ድምፁ ሲቆም ፍሬውን ያዙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ጣታቸው ዘገየ። የልጄ አፍ ተከፍቷል፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ነገር ግን ምንም አየር አይገባም። ሰባት፣ ስምንት። በዘጠኝ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ሳበና ተገላበጠ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

እማማ ሌላ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ «ዓለሚቱ» አሉኝ፤ «እኔ እኮ ማንኮራፋቱን ሲያቆም ተመቸው ብዬ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

እኔስ መቼ አዳምጬው አውቃለሁ?

«የሚያንኮራፋ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም» አለች ሚካል። «ጉንፋን ሲይዘው ብቻ የሚያንኮራፋ ብዙ ነው። በየሌሊቱ እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ልጅ ግን መታየት አለበት። ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው ሥጋ አብጦ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል። እንጥሉ ቢቆረጥ ያ መንገድ አይከፈትም፤ ትርፉ መድማትና ቁስል ነው። ሌሊት በየደቂቃው ለአየር እየታገለ ካደረ ደግሞ ቀን ክፍል ውስጥ መተኛቱ አይገርምም። አልጋ ላይ መሽናቱም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል።»

ሰነፍ ያልኩበት ጊዜ ሁሉ በፊቴ መጣ።

እማማ ግን ገና አልጨረሱም። «ሐኪሙስ አይቆርጥም?»

የእኔም ጥያቄ ይኸው ነበር።

«ሊቆርጥ ይችላል፤ በመድኃኒት ብቻ ሊመልሰውም ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ መጠየቅ ነው። እሱ ግን መጀመሪያ ያያል፣ ይመረምራል። መቁረጥ ካስፈለገም አደንዝዞ ነው፤ ደም ቢፈስ የሚያቆምበት አለው።»

«ልዩነቱ የፈረስ ጭራው ነዋ።»

«ልዩነቱ አይቶ መንካቱ ነው እማማ። እርስዎ አሁን ቆጥረው እንዳዩት።»

እማማ ተነሥተው ቦርሳውን ከልጁ ጀርባ ቀስ ብለው አወረዱ። ሚካል ሐኪም እንዲያየው ከጥናቱ የሚሰጠውን የሪፈር ወረቀት ሞላችልን።

ቅዳሜ አስረስ በሰዓቱ መጣ። እማማ በሩ ላይ ተቀበሉት።

«አደከምኩህ አስረስ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ልጁን ሐኪም ሊያየው ነው።»

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ዛሬ ናቅሽው?»

«አንተን አልናቅሁም። የጥሩዬን ልጅ ቆጥሬው ነው።»

እሱ ጥሩዬ ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ተገርሞ ሄደ። ለከበበው የደወሉለትም ራሳቸው እማማ ናቸው።

ሐኪሙ ቶንሲሉም የአፍንጫው ሥጋም መውጣት አለባቸው አለ። ይህን የምጽፈው ቀዶ ጥገናው ከተደረገለት አራት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ሚሳኤል አፉን ዘግቶ ይተኛል። ፍራሹ ደረቅ ነው። መምህርቱ አሁን የምትጽፍልኝ «ብዙ ያወራል» እያለች ነው፤ ደስ እያለኝ አነበዋለሁ። ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ልጃችሁ ከማንም ጋር ቢተኛ ሄዳችሁ እንቅልፉን አዳምጡ። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ፣ ሲተኛ ደረቱ የሚሰረጉድ፣ ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ አሳዩት። እንጥሉን አታስቆርጡ። አሁንም ያልገባኝ ብዙ ነገር አለ። ሚካል ከእኛ ቤት የሞላችው መልስ የት እንደደረሰ አላውቅም። ግን ሌላ ያልተቆጠረ ልጅ ካለ እሱንም ይቁጠሩት እላለሁ።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ ዕለት ነርሷ «አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚያድረው፤ ማን ይቅር?» አለችን። ሚሳኤል የአያቱን ነጠላ ጫፍ ይዟል። እኔ እሳቸው ይቅሩ ልል አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ።

«እኔ ስንት ዓመት አጠገቡ ተኝቼ አልሰማሁትም» አሉ። «አንቺ ቅሪ።»

የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ከነጠላቸው አላቀቁ። መቁጠሪያቸውን በእጄ አስቀመጡ። ከዚያ እማማ በመካኒሳ ታክሲ ወደ ቤት ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ።