የመሪጌታ እፍኝ

ትህትና በመካነ ሰላም መናኸሪያ በኩል የተሻገረችው ለምሳዋ ዳቦ ልትገዛ ነበር። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የአቀስታውን ሚኒባስ ተደግፈው ቆመው ስታይ ግን ዳቦውንም ምሳውንም ረሳችው። ፋርማሲስት ሆና ከተቀጠረች ወዲህ እንደዚያን ቀን ተናዳ አታውቅም። ጎረቤቷ በለጥሻቸው የስድስት ወር እርጉዝ ሆና ሆስፒታል ተኝታለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። “ምን ጠጣሽ?” ስትባል “የኮሶ ትል መድኃኒት፣ ከመሪጌታ” ትላለች። “ምን የሚባል?” ሲሏት አፏን ትዘጋለች። ያጠጧት ሰው ደግሞ ይኸው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አቀስታ ሊሄዱ ነው!

ቢሆንም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

“እንደምን ዋሉ የኔታ። ለበለጥሻቸው ያጠጧት ምን ነበር?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። መድኃኒት ነዋ! ትሉ ሲወጣ ሆድ ያውካል፤ አብሽሪ፣ እስከ ማታ ይሻላታል።”

“ስሙን ይንገሩኝ።”

“አይነገርም። ስሙ የተጠራ መድኃኒት ኃይሉ ይሸሻል። ከአባቴ የተቀበልኩት በዚህ ቃል ነው። እሷንም ለማንም እንዳትናገር በግዝት አስሬያታለሁ።”

የትህትና ደም ፈላ። ሐኪም የማያውቀውን ነገር በምን ያክመዋል? በዚህ የማይናደድ ሰው በምን ሊናደድ ነው?

“በሆዷ ልጅ አለ እኮ! ኮሶ ይሁን፣ መተሬ ይሁን፣ ሌላ ይሁን ሐኪሞቹ የሚያውቁት ነገር የለም። ምስጢርዎ ከሁለት ነፍስ ይበልጣል?”

መሪጌታም ተቆጡ። “እናንተ የተማራችሁት መቼ አከበራችሁን? አንድ ጊዜ በመኪና መጥተው ፍሬውንም ቅጠሉንም በከረጢት ሞልተው ወሰዱ። መርምረን እንነግራችኋለን አሉ። የት አሉ? ዞር ስንል ደግሞ ጠንቋይ ትሉናላችሁ!”

“በዚህስ እውነት አለዎት፤ እኔንም ያናድደኛል። ሳይመረምሩ መናቅ ያው ድንቁርና ነው። መድኃኒትዎ ትል ያስወጣ ይሆናል፣ አልክድም። ግን ትል የሚገድል ነገር ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ለነፍሰ ጡር ደኅና መሆኑን ማን አረጋገጠ? መጠኑስ ስንት ነው?”

“መጠኑማ የታወቀ ነው፤ አንድ እፍኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰጡ አንድ ሰው አልተጎዳባቸውም።”

“በማን እፍኝ?”

“በሰጪው ነዋ!” አሉና መዳፋቸውን ዘረጉላት። አካፋ የሚያህል መዳፍ ነበር።

“አባትዎ ምን የሚያህሉ ሰው ነበሩ?”

“አባቴማ ደቃቃ ነበሩ። እጃቸውማ የልጅ እጅ…”

የዘረጉትን መዳፍ አላጠፉትም፤ እያዩት ቆዩ። ረዳቱ “አባ፣ ሞልቷል፣ ይግቡ!” ሲላቸውም አልሰሙ።

“እስከ ዛሬ የሰጠሁት ሁሉ…” አሉ በመጨረሻ። “ነይ፣ ምሪኝ።”

ትህትና ቁጣዋ ባይበርድላትም ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። የመድኃኒቱ ስም ቢታወቅ ሐኪም ቶሎ እንደሚደርስ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት እንደሚለዩ፣ ተመርምሮ ጥቅሙ ከተረጋገጠ ደግሞ እንደ ሰው እጅ በማይለያይ ሚዛን እንደሚሰጥና የአባታቸው ዕውቀት ከእሳቸው ጋር እንደማይቀበር ነገረቻቸው።

“እንቆቆ ነው!” አሉ ገና ከበሩ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ። “የእንቆቆ ፍሬ፣ አንድ እፍኝ፣ በዚህ በእኔ እጅ!” ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚያደርገውን አወቀ።

አመሻሹ ላይ ማስመለሱ ቆመ፤ የፅንሱም ልብ ደኅና እንደሚመታ ተነገራቸው። በለጥሻቸው ዐይኗን ስትገልጥ መሪጌታን አጠገቧ አየች።

“የኔታ፣ ግዝትዎን አላፈረስኩም” አለች በደከመ ድምፅ። “ሲጠይቁኝ ዋሉ፤ ማርያምን፣ ትንፍሽ አላልኩም።”

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አወለቁ።

“ፈትቼሻለሁ፣ ልጄ” አሏት። “እኔን ግን አንቺ ፍቺኝ።”