ታፔላው ብቻ የቀረ ሱቅ

ዝናቡ ባያስገድዳት ኖሮ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቷ ወጣት እኛ ከተቀመጥንበት በረንዳ ዝር አትልም ነበር። ጎረቤቴ ሽማግሌው አናጺ ወንበር ሳበላት። ከራሳችን በላይ የሟች ባለቤቱ የልብስ ስፌት ታፔላ ተሰቅሏል፤ ሱቁን ግን አከራዩ መጋዘን ካደረገው ቆይቷል። ከጎን፣ ከአናጺው ቤት፣ የሴት ልጁ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል።

«አባባ፣ ይህ ስፌት ቤት ይሠራል?» አለች ታፔላውን ቀና ብላ እያየች።

«ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል።»

«እሱንማ መዝገባችንም ይላል። እኔ የጠየቅኩዎ ይሠራል ወይ ነው።»

አናጺው ጺሙን አሻሸ። ነገር ሲከብደው እንዲህ ያደርጋል።

«መዝገቡ ካላችሁ በዝናብ ምን ያንከራትትሻል፣ ልጄ?»

«መዝገቡ ፈቃድ እንጂ ሥራ አይቆጥርማ። ከፍቶ የዘጋውን አያውቅም፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራውንም አያይም። አለቆቻችን ግን በዚያው ቁጥር ሥራ ፈጣሪው በዛ ብለው ሪፖርት ያቀርባሉ። ለመሆኑ ያ የሚሰፋው ማን ነው?»

«ልጄ ናት። እሷ እንኳ እንዲያው ለሰፈር ሰው ነው፤ ሥራም አይባል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። ልጅቱ የሰፈሩን ተማሪዎች ዩኒፎርም የምትሰፋው አልጋዋ ጥግ ተቀምጣ ነው። ጨርቁ ሲበዛ አልጋው ላይ ይከመርና እሷ መሬት ትተኛለች። የመሥሪያ ቦታ ብትጠይቅ የወረዳው ሰዎች «ሰፈራችሁ በልብስ ሰፊ ሞልቷል» ብለው መልሰዋታል። ይህንኑ ለወጣቷ ነገርኳት።

«በመዝገብ ሞልቷል፤ ዞሬ ሳየው ግን አብዛኛው ዝግ ነው» አለች። «ቦታ የሚታደለው ደግሞ በመዝገቡ ነው። አባባ፣ አይቀየሙኝና የልጅዎን ቦታ የያዘው ይህ ታፔላ ነው።»

አናጺው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መሞቷን አልነገርኳቸውም። በዓመት አንዴ ፈቃዱን ሳሳድስ የቢሮው መስኮት ላይ ስሟን ከነአባቷ ይጠሩታል። ተነሥቼ አቤት እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ስሟን ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። ናፈቀችኝ፣ ልጄ።»

ስንት ዓመት ስንጎራበት ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

«ናፍቆትዎን ማን ይነካብዎታል» አለች ወጣቷ። «ግን ባለቤትዎ ቢኖሩ፣ ልጃቸው መሬት ስትተኛ ዝም ይሉ ነበር?»

«እሷ? ቢሮአችሁ ድረስ መጥታ መቀመጫ ታሳጣችሁ ነበር» ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ዝናቡ ሲያባራ መሰላል አምጥቶ ታፔላውን በገዛ እጁ አወረደው።

እኔም ድሮ ቁጥር የቢሮ ሰዎች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። የተዘጋው ተዘጋ፣ የሚሠራው ይሠራል ተብሎ በትክክል ካልተጻፈ ግን ቦታውም ብድሩም ሥልጠናውም ለማይገባው ይሄዳል። ልጅቱ ቦታውን ገና አላገኘችም፤ ባዶ እጇን የሚመልሱበት ሰበብ ግን በአንድ ቀንሷል።

የሟቿን ፈቃድ ለመመለስና የልጅቱን ለማውጣት አናጺው፣ ልጅቱና እኔ አብረን ሄድን። ጸሐፊው የእናትየውን ስም ከነአባቷ ጠራ። አናጺው ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀና «አቤት» አለ። ቀጥሎ የልጅቱ ስም ተጠራ፤ የአባት ስም ነውና የእሱም አብሮ ተጠራ። ከመቀመጫው ሊነሣ ሲል ልጅቱ ቀደመችው።

«አቤት» አለች፣ በእናቷ ድምፅ።