ሐጂ ዩኑስ በር ዘግተው የሚወቅሩት ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ስንዴ ላስፈጭ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ካለው ወፍጮ ቤት ብሄድ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። ሐጂ ዩኑስ ድንጋይ ሲወቅሩ ሰው አያስገቡም። የለሰለሰውን የወፍጮ ድንጋይ በመዶሻና በመሮ እየፈለፈለ ስል የሚያደርግ እንደሳቸው ያለ ሰው በአካባቢው የለም፤ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የገዛ ልጃቸውን ሙባረክን እንኳ ውጭ አስቁመው ነው የሠሩት። እኔ አስተማሪ ነኝና እንዲህ ያለው ስስት ያንገበግበኛል።

ጥቂት ቆይቶ ሐጂ ጣታቸውን ይዘው ወጡ። ዓይናቸው ደክሟልና መዶሻው ስቶ መትቷቸዋል። ወረፋ ትጠብቅ የነበረችው ነጅሚያ፣ ኮምፒውተር የተማረች የጎረቤታቸው ልጅ፣ በሻሿ ጫፍ አሰረችላቸው። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። የእብናቷ ባለ ወፍጮ ማሬ ናት፤ ድንጋይዋ ለስልሶ ዱቄቱ እየጋለ አስቸግሯታልና ይምጡልኝ ትላለች።

«በዚህ ዓይን የት እሄዳለሁ!» አሉ ስልኩን ዘግተው።

«አንቱ ባይሄዱ እውቀትዎ ይሂድ» አለች ነጅሚያ። «ሲወቅሩ በስልኬ ልቅረጽና እንላክላት።»

«አንቺን ሀከር ይሉሻል። ሀከር የሰው ባንክ ሰብሮ የሚገባ ሌባ አይደል?»

«እሱስ ሌባ ነው ሐጂ፣ በሌላ ስም አይጥሩት። እኛ ሀከር የምንለው ነገሩን ፈታትቶ አሠራሩን ካላየ እንቅልፍ የማይወስደውን ሰው ነው። ያየውን አይደብቅም። የሰው ገመና ግን አይነካም፤ የሌላውን ሥራ ሲወስድም ባለቤቱን ሳይጠራ አያልፍም። በእኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«ሁሉም ካወቀው እኔን ማን ይፈልገኛል?»

«እኔም እንደዚያ እሰጋ ነበር። ለዓይነ ስውራን አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም ሠርቼ አሠራሩን ለፈለገ ሁሉ ክፍት አደረግሁት። አንድ የማላውቀው የጅማ ሰው ስህተቴን አርሞ ላከልኝ። አሁን አነባበቡ ተሻለ፤ የሚጠይቀኝ ሰውም በዛ እንጂ አላነሰም። ደፈርሽኝ አይበሉኝና፣ ዓይንዎ ጨርሶ ቢደክም ይህን ድንጋይ ማን ይወቅረዋል?»

ልጅቷን ወደድኳት። እኔ ሃያ ዓመት አስተምሬ እንዲህ አድርጌ መናገር አልቻልኩም።

«አባቴም ከልክሎኝ ነበር» አሉ ሐጂ የታሰረውን ጣታቸውን እያዩ። «በግድግዳ ቀዳዳ እያጮለቅሁ ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ አንቱም ሀከር ነዎታ!»

ሐጂ ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያ ውጭ የቆመውን ልጃቸውን ጠሩት። «ሙባረክ፣ ግባ። መዶሻውን ያዝ።»

እኛም ተከትለን ገባን። «የምትፈለፍለው ቦይ ከመሃል ጠለቅ ይበል፣ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይሂድ» እያሉ ልጃቸውን ሲያሠሩ ነጅሚያ ቀረጸች፤ በስማቸውም ላከችው።

በሳምንቱ ዱቄቴን ልወስድ ብሄድ ሐጂ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ከማሬ ጋር ሲያወሩ ደረስኩ። የማሬ ወፍጮ ተስተካክሏል። ቪዲዮውን ለሁለት ባለ ወፍጮዎች አሳይታ ቆሞ የነበረው የእነሱም ወፍጮ ተነሥቷል፤ እህል ተሸክመው ግማሽ ቀን ይሄዱ የነበሩ ሴቶች አሁን በደጃቸው ያስፈጫሉ። እውቀት ሲካፈል ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ልጨምር?

ማሬ ግን ጥያቄ ነበራት። «የእኔ ድንጋይ ሳሳ ያለ ነው፤ ቦዩን ባበዛው ይሰነጠቅ ይሆን?»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እሱን አላውቅም፤ ሞክሪውና ያገኘሽውን ለእኔም አስተምሪኝ» አሉ።

ሙባረክ መዶሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያቸው። ይህን ቃል ካባቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም።