ዘፈኑ ሲያልቅ

ከዳውንታውን ኦክላንድ ወደ ኤርፖርት በሚሄደው ባቡር ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ትልቅ ሻንጣ የያዘውን ወጣት በአማርኛ ያዋሩታል።

«አገር ቤት ልትሄድ ነው?»

«አዎ፣ እማማ። እናቴ ታማብኝ ነው።»

«እግዚአብሔር ይማርልህ። ዓይንህን ለማየት ቸኩላ ይሆናል።»

«እሷስ አትምጣ ነው የምትለኝ።»

«ምነው?»

«የህንድ ፊልም ነፍሷ ነው። ልጅ ሆኜ ሲኒማ ቤት ይዛኝ ትሄድ ነበር። እዚያ እናትየዋ ምንም ያህል ብትታመም ልጇ ሳይደርስ አትሞትም። ሲደርስ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይዘፍንላታል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ትሞታለች።»

«እና አንተ ካልመጣህ አልሞትም ብላ ነው?»

«እንደዚያ ነው የያዘችው። ትናንት ግን እህቴ ኮል አድርጋ ና አለችኝ።»

«እህትህ ለምን?»

«ስቃዩ በዛባት፣ ይብቃት አለች።»



«ጆሮህ ላይ የሰካኸው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ዘፈኑ ነው። ቋንቋውን ስለማልችል እየተለማመድኩ ነው።»

መውረጃዬ ሲደርስ በእነሱ በኩል ላለማለፍ ብዬ በሩቁ በር ወረድኩ።